ሜይ የምትባል ግስ

በአገራችን የአስኳላን ደጃፍ አንድ ጊዜ የረገጠ ሰው፥ ከአምስተኛ ክፍል ተመልሶ ሞፈር የጨበጠም ይሁን፥ እስከ ዩኒቨርሲቲ ዘልቆ ጥቁር ካባ የደረበ፥ የተማረውን እንግሊዝኛ ዕድሜና የኑሮ ውጣ ውረድ ከአእምሮው ጠራርገው ቢወስዱበት እንኳ፥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ከአንደበቱ ሳትለይ አብራው ትሸብታለች፤ እርስዋም «ሜይ አይ ጎ አውት፥ ቲቸር?» የምትለው ናት። እኔ ስንቱን ግስ በአርጩሜ ተምሬ በነፃ ረሳሁት፤ ይህችን ግን የተማርሁበትን ቀን አላስታውስም፥ የምረሳበትም ቀን የሚመጣ አይመስለኝም።

በደምበጫ በተማርሁበት ትምህርት ቤት፥ ይህች ዓረፍተ ነገር፥ ቲቸርን ሳንቆጥር፥ ከአራት ቃላት የተገጣጠመች መሆንዋን የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። «ሜያይጎዋውት» ተብላ በአንድ ትንፋሽ የምትወጣ አንዲት ረዥም ቃል ትመስለን ነበር። ፍችዋን አልመረመርንም፤ ለኛ ቁልፍ ነበረችና፥ ቁልፍ በሩን መክፈቱን እንጂ ከምን ብረት እንደ ተቀጠቀጠ የሚጠይቅ ማን ነው? አንዳንዱ የዋህ ግን፥ ከነዚያም አንዱ ራሴ ነኝ፥ ሜይ ማለት ለዓይን የማይታይ፥ ስሙ ካልተጠራ በቀር በር የማይከፍት የአንድ ዘበኛ ስም ሳይሆን አይቀርም ብሎ በልቡ ይጠረጥር ነበር።

ይህን የመሰለው ሰላማችን የታወከው ሰባተኛ ክፍል በገባንበት፥ ትምህርቱ ሁሉ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተሻግሮ እኛ ግን ከወንዙ ወዲህ ማዶ በቀረንበት ዓመት፥ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ የተላከ ወጣት መምህር ወደ ከተማችን በመጣ ጊዜ ነው። ሱሪው ጠባብ፥ መዝገበ ቃላቱ ወፍራም፥ ተስፋው ሰፊ ነበረ። በወርኃ ግንቦት በአንድ ሐሙስ ከመካከላችን አንዱ ጣቱን አንሥቶ እንደ ልማዱ ያችን ቁልፍ ቢያቀርብ፥ መምህሩ እንደ ቀደሙት መምህራን አገጩን ወደ በሩ በማመልከት ፈንታ ጠመኔውን አስቀመጠና «ዋት ኢዝ ሜይ?» ሲል ጠየቀው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ መውጣት ፈለገ እንጂ መራቀቅ አልፈለገም ነበርና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። በመጨረሻ አባቱ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በመሆናቸው የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ከቤታቸው ግድግዳ የተሰቀለ አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ በታላቅ ኩራት «ግንቦት!» ብሎ ጮኸ።

መምህሩ እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ ነገሩን ያብራራልን ጀመር። ሜይ በትልቅ ፊደል ስትጀምር በኛ ከሚያዝያ 23 ቀን የምትገባው የፈረንጆች ወር ናት፤ በትንሽ ፊደል ስትጀምር ግን ግስ ናት፥ ለዚያውም ብቻዋን የማትቆም፥ ሌላውን ግስ ከፊትዋ አስቀድማ ሳይሆን ከኋላዋ አስከትላ የምትሄድ ረዳት ግስ። «እርሱ» ቢባል «እርስዋ» ቢባል መልኳን አትለውጥም፤ «ሂ» እና «ሺ» በመጡ ቁጥር በሌሎቹ ግሶች ጅራት ላይ የምትለጠፈው፥ የእጃችንንም መዳፍ ስታስገርፍ የኖረችው «ኤስ» የምትባል ፊደል ወደ ሜይ አትቀርብም። ይህን በሰማን ጊዜ መላው ክፍል ግሲቱን በአንድ ልብ ወደዳት። ወዳጅነታችን ግን ደወል እስኪደወል እንኳ አልቆየም፤ መምህሩ «አንድ ጊዜ ፈቃድ፥ አንድ ጊዜ ግምት፥ አንድ ጊዜ 'ይሁን እንጂ'፥ አንድ ጊዜም ምርቃት ትሆናለች፤ ለሰኞ እያንዳንዳችሁ በሜይ አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ እንድትመጡ» ብሎን ወጣ።

በዚያ ዘመን እኔ ቀን ለአስኳላ፥ ማታ ለየኔታ ያደርሁ፥ የሁለት ጌታ ሎሌ ነበርሁ። ጎጃም የቅኔ አገር መሆንዋን ወዳጅም ጠላትም የመሰከረላት ናት፤ ስማቸው ከገነነ ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች ዋድላ ወደ ወሎ ሲሆን፥ ዋሸራና ጎንጅ ከኛው ናቸው። የኔታም ዋሸራ ተቀምጠው የተቀኙ ሰው ስለ ነበሩ፥ ግስ የተባለ ነገር በሰሙ ቁጥር፥ የማንም አገር ግስ ይሁን፥ ዓይናቸው ይበራ ነበር።

«የኔታ፥ እንግሊዞች ሜይ የሚሏት ግስ አለቻቸው፤ ለሰኞ አምስት አድርገህ አምጣ ተብያለሁና ይርዱኝ» አልኋቸው።

«ምን ሙያ አላት?»

«ረዳት ናት ይላሉ። ብቻዋን አትቆምም።»

«ዲያቆን ናታ! ፍችዋሳ?»

«አንድ ጊዜ መፈቀድ፥ አንድ ጊዜ ምናልባት፥ አንድ ጊዜም ምርቃት ነው፤ መቻልም አለበት ይላሉ ቲቸር።»

የኔታ ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ ወዝወዝ አድርገው ዝንቡን ካባረሩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ስማ፥ ልጄ። በግእዝ ክህለ፥ ይክል ስንል ቻለ፥ ይችላል ማለታችን ነው። ፈቀደ፥ ይፈቅድ ስንል ደግሞ ወደደ፥ ይወዳል ማለታችን ነው። ክሂል ለብቻው፥ ፈቃድም ለብቻው ነው። ያ በወንጌል የተጻፈው ለምጻም ከጌታ እግር ሥር በወደቀ ጊዜ፥ ልታነጻኝ ይቻልሃልን ብሎ አልጠየቀም፤ መቻሉንማ ዐውቋል። ብትወድ ትችላለህ አለው እንጂ፤ ክሂሉን አምኖ ፈቃዱን ለመነ። ጌታም እወዳለሁ ብሎ አነጻው። እንግዲህ ያ ለምጻም አስኳላ ሳይገባ ሜይን ዐውቋት ነበር ማለት ነው፤ እናንተ ግን አስኳላ ገብታችሁ ለሽንት አደረጋችኋት።»

የኔታ በዚያች ማታ የዘሩብኝን ነገር ኋላ በጎልማሳነቴ ሳብላላው፥ የኛው ቋንቋ በዚህች ግስ ላይ የሠራው ሥራ ከእንግሊዙ የማያንስ ሆኖ አገኘሁት። አማርኛ ክህለን ከግእዝ ወርሶ ቻለ ካላት በኋላ ርስት አከፋፍሏታል፤ ከልጆችዋ አንዱ ችሎታ ተብሎ የእጅ ሙያ ሆነ፤ ሁለተኛው ችሎት ተብሎ ዳኛ የሚሰየምበት የፍርድ አደባባይ ሆነ፤ ሦስተኛው ግን፥ ቻይ የተባለው፥ ጉልበተኛ ይሆናል ሲባል ታጋሽ ሆነ። ለኛ የቻለ ሰው ማለት ሌላውን የጣለ አይደለም፤ ነገሩን በሆዱ የያዘ፥ ሸክሙን ሳያወርድ የቆመ፥ ቢነኩት ዝም ያለ ነው። «ቻለው» ሲሉን «አሸንፈው» ማለታቸው ሳይሆን «ታገሠው» ማለታቸው መሆኑን ከእናታችን ጡት ጋር የጠጣነው ነው። የእንግሊዞቹን መዝገበ ቃላት ባገላብጥ ደግሞ እዚያም ሹም ሽር ተደርጎ ኖሯል፤ ዛሬ በትሕትና ፈቃድ የምትለምነው ሜይ በጥንቱ እንግሊዝኛ ማጋን ከሚባል ግስ የወረደች፥ በረታ፥ ኃይል አገኘ የምትል ጉልበተኛ ነበረች፤ ዛሬ ኃይልን የምትናገረው ካን ግን ያን ጊዜ ሥራዋ ዐወቀ ማለት ነበረ። ጉልበተኛዋ ለማኝ፥ ሊቂቱ ጉልበተኛ ሆኑ ማለት ነው። ሰው ሲሻርና ሲሾም ያየ፥ ግስ ቢሻርና ቢሾም ሊደንቀው አይገባም።

ወደ አምስቱ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። የመጀመሪያይቱ ያችው የበር ቁልፍ ስለሆነች አላስቸገረችኝም። ለሁለተኛይቱ ቅዳሜ ዕለት አጎቴ ማሳ ዘንድ ሄድሁ። በኛ አገር ግንቦት መሬቱ ታርሶ፥ ዘሩ ተመርጦ፥ በሬው ከስቶ፥ የገበሬው ዓይን ከሰማይ ላይ የሚተከልበት ወር ነው። «ጋሼ፥ ነገ ይዘንባል?» ብለው፥ ዳመናውን እንደ ወይፈን ከቀንዱ እስከ ጅራቱ አገላብጦ ካየው በኋላ «ይዘንብ ይሆናል» አለኝ። እኔም ወዲያው ጉልበቴ ላይ «ኢት ሜይ ሬይን ቱሞሮው» ብዬ ጻፍሁ።

በዚያን ዕለት ያላስተዋልሁት ነገር፥ አጎቴ በአንዲት ዘነበ ውስጥ ሦስት ዝናብ የነበረው መሆኑን ነው። ሲቆርጥ «ይዘንባል» ይላል፤ ሲገምት «ይዘንብ ይሆናል» ይላል፤ ሲለምን «ይዝነብ» ይላል፤ እንግሊዙ ግን ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ዝናብ ከሜይ ደጅ ሳይቆም አያገኝም። ዘመን አልፎ አጎቴ ባረጀበት ወራት በቤቱ ራዲዮ ገባና ስለ አየሩ ጠባይ የሚናገረው ሰው «ዝናብ ሊጥል ይችላል» ማለት ጀመረ። አጎቴ ይህን በሰማ ቁጥር ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ «መቻሉንማ ማን ተጠራጠረ! ሲችል የኖረ ነው። እኛ የጠየቅነው ይጥላል ወይ ብለን ነው» እያለ ይመልስለት ነበር። አጎቴ እንግሊዝኛ አልተማረም፤ ሆኖም ሜይ አማርኛ ለብሳ፥ «ይችላል» የሚል ነጠላ ተከናንባ ወደ ቤቱ መግባትዋን ከሁላችንም ቀድሞ ያወቃት እርሱ ነው። ዛሬማ ጋዜጣው፥ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ፥ የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ሁሉ በእርስዋ ተሞልቷል። ለአጎቴ ሚስት አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ወረቀት አነበብሁላቸው፤ መድኃኒቱ ማዞር ሊያስከትል ይችላል፥ ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል፥ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል ይላል። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ «ይህን ሁሉ የሚችል ከሆነ፥ ስለ ምን ሕመሜን አልቻለውም?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም።

ሦስተኛይቱንና አራተኛይቱን ያገኘሁት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጎረቤታችን ከግራዝማች ዘንድ ነው። ግራዝማች አርበኛ ነበሩ። የጌዴዎን ጦር ተብሎ የተሰየመው፥ ዊንጌት የሚባለው እንግሊዛዊ ይመራው የነበረው ሠራዊት በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ሲመጣ፥ ጠላት ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፥ የካቲት 27 ቀን ከደምበጫ ብዙ ሳይርቅ ወንዝ ዳር የሆነውን ውጊያ ሲያወሩ፥ ከተኩሱ ይልቅ ስለ ስሙ ብዙ ይናገሩ ነበር፤ ጌዴዎን በመጽሐፈ መሳፍንት በሦስት መቶ ሰው ያን ሁሉ የምድያም ሠራዊት ያሸበረው ነውና፥ «ሰውዬው ቁጥራችንን ዐውቆ ነው ይህን ስም ያወጣልን» ይላሉ። «ጠላት ብዙ ነበር፥ ግራዝማች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ብዙ ይሁን እንጂ አልፈራነውም» አሉኝ። ከመምህሩ የሰማሁት «ይሁን እንጂ» ይኸው ከአፋቸው ወጣ! «ዘይ ሜይ ቢ ሜኒ፥ ባት ዊ አር ኖት አፍሬድ» ብዬ ጻፍሁ። በዚያን ጊዜ የነበረው ጦርነት በኔ ግስ ምክንያት እስከ ዛሬ አላበቃም፤ «ዌር» ማለት ሲገባኝ «አር» ብያለሁና።

«ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው?» አሉኝ ግራዝማች።

«ሜይ የምትባል የእንግሊዝ ግስ ናት። ይቻላል፥ ይፈቀዳል እንደ ማለት።»

«እነዚያ እንግሊዞች ከኛ ጋር ሳሉ አንድ ቀንም ይቻላል ሲሉ አልሰማሁም፤ ቋንቋቸው ሁሉ 'ማስት' ነበረ» አሉና ጥቂት አሰብ አድርገው ድንገት ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። «ቆይ፤ ይቻላቸዋል ነው የምትለኝ? ይህችንማ ዐውቃታለሁ! አባቴን ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ጋር ዓድዋ ድረስ ያዘመተችው እርስዋ ናት።»

ግራዝማች እውነታቸውን ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ምድር ውጫሌ ላይ፥ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል 17ኛ አንቀጽ፥ በአማርኛው በኩል ሲነበብ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር ያላቸውን ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጻጻፍ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ በኢጣልያንኛው በኩል ግን ግሱ «ኮንሴንቴ» ነው፥ ንጉሡ ተስማምተዋል፥ እሺ ብለዋል እንደ ማለት። ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው እንደሚያወራው በኢጣልያንኛው የተጻፈው ግስ «ግድ ነው» የሚል እንኳ አልነበረም። ለስላሳ፥ ጨዋ፥ እጅ የሚነሣ ግስ ነበረ፤ ሮማ ላይ ግን ያቺን ትሕትና በጓዳ በር አስወጥተው፥ እሺ ያለ ሰው ከእሺታው መውጣት አይቻለውም ብለው በግዴታ ተረጎሟት። ምኒልክ የንግሥናቸውን ነገር ለኤውሮፓ ነገሥታት ቢጽፉ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያና ከጀርመን የመጣው መልስ፥ በውላችሁ መሠረት እንዲህ ያለው ደብዳቤ በኢጣልያ በኩል ነው መምጣት ያለበት የሚል ሆነ። አንዲት ግስ የአንድ መንግሥት በር ላይ ዘበኛ ሆና ተቀምጣ ተገኘች። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ፥ ሳቅ ከተባለ፥ ያው ውል በ19ኛው አንቀጹ አማርኛውና ኢጣልያንኛው ፍጹም የተስማሙ ናቸውና ሁለቱም እኩል ይታመናሉ ማለቱ ነው። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የግሱ ፍች በሰዋስው ሳይሆን በሌላ መንገድ ተመረመረ፤ በ1889 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሰላም ውል ውጫሌ ተሰረዘ።

እኔ ይህን ሁሉ ከታሪክ መጻሕፍት ያገናዘብሁት በኋላ ነው፤ ሳገናዝብም የኋላ ወንበሩ የክፍል ጓደኛዬ በስሕተት የተናገረው ነገር ትንቢት ሆኖ አገኘሁት። ሚያዝያ 25 ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ሜይ 2 ነው። በሜይ ምክንያት የተጣላንበት ውል የተፈረመው በሜይ ነበረ! ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን፥ ንጉሠ ነገሥቱም በ1933 ዓ.ም. ጠላት ድል ሆኖ የተመለሱት በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ ሁለቱም ሜይ 5 ነው። ባለ ትንሽ ፊደሏና ባለ ትልቅ ፊደሏ ሜይ በኛ ታሪክ ላይ ተማክረው የሠሩ ይመስላል።

ከውጫሌ የተማርነው ነገር ግን አልጠፋም። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ በአንድ ገጽ ላይ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አቁሞ ያትማል፤ በዚህኛው ዐምድ «ይችላል» ሲል በዚያኛው «ሜይ»፥ በዚህኛው «ይሆናል» ሲል በዚያኛው «ሻል» እያለ ሁለቱ ልሳኖች እንደ ሁለት ደብተራ በግራና በቀኝ ሆነው ይቀባበላሉ። ሲለያዩስ? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ106ኛው አንቀጹ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ቅጂ ነው ብሎ ቆርጦታል። ከሁለት ፍጹም ከተስማሙ ግሶች ይልቅ አንድ አለቃ ያለው ግስ እንደሚሻል ለማወቅ ቀላል ያልሆነ ዋጋ ከፍለንበታል።

በዚያች እሑድ ማታ ግን የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ከግራዝማች ቤት «ዘ ኪንግ ሜይ ራይት ቱ ኤኒ ኪንግ» የምትል አራተኛ ዓረፍተ ነገር ይዤ ብመለስም አምስተኛይቱ፥ ምርቃቲቱ፥ ባዶዋን ቀረች። ምርቃት ከሽማግሌ አፍ ይቀበሉታል እንጂ አንድ ሕፃን በኩራዝ ብርሃን ቁጭ ብሎ የሚፈጥረው አይደለም። ስጨነቅ ቆይቼ ነው አርብ ዕለት የሆነው ነገር ትዝ ያለኝ፤ እርሱንም በተራው ቦታ ልናገረው ሲገባኝ፥ እፍረት ይዞኝ እስከ አሁን አዘግይቼዋለሁ።

ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለ ነበረ አርቡም ፍስክ ነበርና፥ አያቴ በጠዋት ሁለት ዋንጫ አጓት አጠጥታ ሰደደችኝ። እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቻልሁት። በሦስተኛው፥ ማለት በእንግሊዝኛው፥ ጣቴን አነሣሁ፤ ነገር ግን የሐሙሱ ትምህርት በሜይ ላይ ፍርሃት አሳድሮብኝ ነበርና፥ አንድ ሰው አደገኛ ውሻ ያለበትን በር ትቶ በሌላው እንደሚገባ፥ «ካን አይ ጎ አውት፥ ቲቸር?» አልሁ።

መምህሩ ሲፈልገው የነበረው ምሳሌ በእግሩ የመጣለት ያህል ፊቱ በራ። ወደ ፊት ጠርቶ ከሰሌዳው አጠገብ አቆመኝ።

«እግር አለህ?»

«አለኝ፥ ቲቸር።»

«በሩ ተዘግቷል?»

«አልተዘጋም፥ ቲቸር።»

«እንግዲያው ዩ ካን! መውጣት ትችላለህ። እኔን የምትለምነው ችሎታህን ሳይሆን ፈቃዴን ነው» አለና ወደ ሰሌዳው ዞሮ፥ ልክ እንደ ነጋሪት ጋዜጣው በሁለት ዐምድ፥ በግራ ካን በቀኝ ሜይ እያለ፥ ከየግሱ በታች ምሳሌ መደርደር ጀመረ። እኔም አንዱን እግሬን በሌላው ላይ አጥምጄ፥ ከአንድ ምሳሌ ወደ ሌላው ሲሻገር ዓይኔን በበሩ ላይ ተክዬ ቆምሁ። በሩ እንደ ተባለው ክፍት ነበረ። ስምንተኛው ምሳሌ ላይ ሲደርስ ጠመኔውን አራግፎ ወደኔ ዞረና «ናው፥ አስክ ሚ አጌይን» አለኝ። «ሜይ አይ» ብዬ ጀመርሁ፤ «ጎ አውት» ላይ ግን አልደረስሁም። መምህሩ ጣፋጭ በሆነ ድምፅ «የስ፥ ዩ ሜይ!» ሲል ፈቃዱ መጣ፤ ችሎቱ ግን አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር።

ማታ አያቴ ቁምጣዬን እያጠበች «ልጄን እስከዚህ ድረስ ያቆመው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሜይን ስላልጠራሁ ነው» አልኋት።

«ይህ ሜይ የምትሉት ዘበኛ ነው?»

«ኧረ አይደለም፥ ግስ ነው። ያቆመኝ ቲቸር ነው፥ ሊያስተምረኝ ብሎ።»

አያቴ ቁምጣውን ጨምቃ፥ እርጥብ እጅዋን ወደ ሰማይ አንሥታ «እግዚአብሔር ልብ ይስጠው!» አለች።

እንግዲህ እሑድ ማታ በኩራዝ ፊት ትዝ ያለኝ ይህ ነበር። ሳላመነታ «ሜይ ጎድ ጊቭ ሂም ኤ ሃርት» ብዬ ጻፍሁና ተኛሁ።

ሰኞ መምህሩ ደብተሬን ወስዶ አንድ በአንድ አነበበ። የበሩን ቁልፍ ራይት አለው፤ የአጎቴን ዝናብ ራይት አለው፤ የግራዝማችን ጦርነት «አር»ን ወደ «ዌር» አዙሮ አሳረፈው፤ ንጉሡ ለፈለጉት ንጉሥ እንዲጽፉ በቀይ ቀለም ፈቀደላቸው። አምስተኛይቱ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። «ሂም ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ዝም አልሁ፤ ክፍሉም ዝም አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ከኋላ ወንበር ግንቦትን የተናገረው ልጅ ሳቁን መቻል አቃተው። መምህሩ ወደ ደብተሬ ብዙ ጊዜ ተመለከተ። ከዚያም «ልብ ስትል አስተዋይ ልቡና ማለትህ ነው፤ በእንግሊዝኛ ለዚህ ሃርት አይባልም» ብሎ «ኤ ሃርት» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ፥ በራሱ እጅ፥ በቀይ ቀለም «ዊዝደም» ብሎ ጻፈበት፤ ከጎኑም ራይት አደረገ። ከዚያች ሰኞ ጀምሮ ዓመቱ እስኪያልቅ በክፍላችን ጣቱን ያነሣ ልጅ ግስ ሳይጠየቅ ይወጣ ነበር።